የጋማ ከብት ቀለብ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና የእንስሳት ሐኪም መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ፈረስና ስለ አህያ ቀለብ ነው። ደብዳቤዎቹን ሳነብ ልቤን የነካው፣ ከጠያቂዎቹ መካከል እንስሳውን በንፍገት የጎዳ አንድም ሰው አለመኖሩ ነው። ጉዳቱ የደረሰው ወይ በአንድ ጊዜ ብዙ በመስጠት፣ ወይ ለሌላ እንስሳ የተዘጋጀ መኖ በማቅረብ፣ ወይ አህያን እንደ ትንሽ ፈረስ በመቁጠር ነው። ስለዚህ መልሶቼን ከሆድ ዕቃ አሠራር ጀምሬአለሁ፤ ይህን በሚገባ የተረዳ ሰው የቀረውን ብዙውን በራሱ ይደርስበታልና።

ጥያቄ፦ የ8 ዓመት ፈረስ አለኝ። ከከባድ ሥራ በተመለሰበት ቀን ውለታውን ልክፈለው ብዬ አንድ ሙሉ ባልዲ ገብስ ሰጠሁት። ሌሊቱን ሙሉ መሬቱን በእግሩ እየቧጠጠ፣ ዘወር እያለ ሆዱን እያየ፣ እየተኛና እየተነሣ በላብ ተጠምቆ አደረ። የእንስሳት ሐኪም ደርሶልኝ ተረፈ። ይህን የሚያህል እንስሳ አንድ ባልዲ ገብስ ለምን ይከብደዋል? ከእንግዲህስ እህል ልስጠው ወይስ ልተው?

መልስ፦ እንኳን ተረፈልዎ። የገለጹት ምልክት የሆድ ቁርጠት ነው፤ ፈረስን በድንገት ከሚገድሉ በሽታዎች ግንባር ቀደሙም እርሱ ነው።

ፈረስ ሰውነቱ ትልቅ ቢሆንም ጨጓራው ትንሽ ነው። 500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ ጨጓራ የሚይዘው ከ8 እስከ 15 ሊትር ሲሆን፣ ይህም ከጠቅላላው የሆድ ዕቃው መጠን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። የተሠራውም በቀን እስከ 16 ሰዓት እየተዘዋወረ ጥቂት በጥቂት እየነጨ ለሚውል እንስሳ ነው። የጨጓራው አሲድ ምግብ ኖረም አልኖረም ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ይመነጫል፤ አሲዱን የሚያለዝበው ምራቅ ግን የሚወርደው እንስሳው ሲያኝክ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ፈረስ ማስመለስ አይችልም፤ የጨጓራው አፍ መዝጊያ ጡንቻ እጅግ ጠንካራ በመሆኑ አንዴ የወረደ ነገር በመጣበት መንገድ አይመለስም።

ዋናው ሥራ የሚሠራው ከኋላ፣ በዕውር አንጀትና በትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። በዚያ ከ100 ሊትር በላይ የሚይዝ መፍለያ አለ፤ በዓይን የማይታዩ እልፍ አእላፍ ተህዋስያን ሣሩንና ገለባውን እያብላሉ ፈረሱ ለጉልበቱ የሚጠቀምበትን ንጥረ ነገር ያወጡለታል። ፈረስ ሲመገብ እነዚህን ተህዋስያን እየቀለበ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በእህል ውስጥ ያለው ስታርች የሚባለው ዱቄታማ ንጥረ ነገር ግን መፈጨት ያለበት እዚያ ከመድረሱ አስቀድሞ በቀጭኑ አንጀት ውስጥ ነው፤ ቀጭኑ አንጀት ደግሞ በአንድ ጊዜ ሊፈጨው የሚችለው መጠን ውሱን ነው። ባልዲው ሙሉ ገብስ በአንድ ጊዜ ሲመጣ የተረፈው ስታርች እንዳለ ወደ ትልቁ አንጀት ይዘልቃል፤ በፍጥነት ይብላላል፣ አሲዱ ይጨምራል፣ ጋዝ ይሞላል፣ ሣር የሚያብላሉት ተህዋስያን በብዛት ይሞታሉ፣ ከሞቱትም የሚወጣው መርዝ ወደ ደም ይገባል። ቁርጠቱ ያለፈለት ፈረስ እንኳ ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ ሰኮናው ውስጥ ላሚናይተስ የሚባለው ብግነት ሊነሣበት ይችላል። ስለዚህ ለጥቂት ቀናት ሰኮናውን በእጅዎ እየዳሰሱ ይከታተሉ። ሰኮናው ከሞቀ፣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያለው የደም ሥር ትርታ ከበረታ፣ ወይም ፈረሱ የፊት እግሮቹን ወደፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደ ኋላ ከጣለ ሐኪሙን በዚያው ሰዓት ይጥሩ።

እህል ፈጽሞ ይተው አልልም፤ ከባድ ሥራ የሚሠራ ፈረስ ድርቆሽ ብቻ ላይበቃው ይችላል። ነገር ግን በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ስታርች ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት ከ1 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል። ከገብስ ግማሽ ያህሉ ስታርች ስለሆነ፣ ለ500 ኪሎ ግራም ፈረስ ይህ በአንድ ጊዜ ወደ 1 ኪሎ ግራም ገብስ ይሆናል። ተጨማሪ ካስፈለገው በቀን ውስጥ ለሁለትና ለሦስት ጊዜ ይከፋፈል እንጂ በአንዱ ላይ አይደረብ። የአጃ ስታርች ከገብስም ከበቆሎም በቀለለ ሁኔታ በቀጭኑ አንጀት ስለሚፈጭ፣ ምርጫ ካለዎት አጃ ይሻላል። ገብስ ከሆነ የተከካ ወይም የተቀቀለ ይሁን።

ከእህሉ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ድርቆሹ ነው። ፈረስ በየቀኑ ቢያንስ የሰውነቱን ክብደት 1.5 በመቶ የሚሆን ደረቅ ሣር ማግኘት አለበት፤ ለ500 ኪሎ ግራም ፈረስ፣ በድርቆሽ ውስጥ ያለውን ጥቂት እርጥበት ጨምሮ፣ 8.5 ኪሎ ግራም አካባቢ ማለት ነው። ድርቆሹን በመጀመሪያ፣ እህሉን በኋላ ያቅርቡ። ማንኛውንም አዲስ መኖ ሲያስለምዱም ከ10 እስከ 14 ቀን ባለ ጊዜ ውስጥ አሮጌውን በጥቂቱ እየቀነሱ፣ አዲሱን በጥቂቱ እየጨመሩ ይሂዱ፤ ተህዋስያኑ ለለውጡ የሚዘጋጁት በዚህ ጊዜ ውስጥ ነውና። ፈረሱ በሚያርፍበት ቀን ደግሞ እህሉን ይቀንሱ። ሥራ በሌለበት ቀን ሙሉ ቀለቡን በልቶ በማግስቱ ወደ ሥራ የወጣ ፈረስ የታፋ ጡንቻው ደርቆ መራመድ ሲያቅተውና ሽንቱ ቡና ሲመስል ማየት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ፈረስና አንዲት አህያ በአንድ ጋጣ አሉኝ፤ ከአንድ ግርግም ይበላሉ። አህያዋ ሥራ የላትም። ማጅራቷ ላይ የተከመረው ስብ ከመክበዱ የተነሣ ወደ አንድ ጎን ዘምሟል፤ ጎድኗና ታፋዋ ላይም ጉብ ጉብ ብሏል። ወፍራም መሆኗ ጉዳት አለው ሲሉኝ፣ ለሦስት ቀን ምግብ ከልክዬ ላክሳት አሰብኩ። ትክክል ነው?

መልስ፦ እባክዎን አያድርጉት። ይህን ደብዳቤ ሳነብ ደነገጥኩ፤ ወፍራም አህያን በድንገት ማስራብ ሊገድላት ይችላልና።

አህያ ምግብ ሲቋረጥባት ሰውነቷ የተከማቸውን ስብ በብዛት ወደ ደም ይለቃል። በሌሎች እንስሳት ይህ ሂደት ሰውነቱ የሚፈልገውን ያህል ሲደርስ ይገታል፤ በአህያ ግን ብዙ ጊዜ ሳይገታ ይቀጥላል። ጉበትና ኩላሊት በስብ ይሞላሉ፣ ሥራቸውንም ያቆማሉ። በሽታው ሃይፐርሊፒሚያ ይባላል። እንዲህ ከታመመች አህያ የተቀዳ ደም በመቅጃው ጥቂት ቆይቶ ሲረጋ፣ ከላይ የሚንሳፈፈው ፈሳሽ ጥርት ያለ ቢጫ መሆኑ ቀርቶ ወተት እንደተቀላቀለበት ደፍርሶ ይታያል። እዚያ ደረጃ ከደረሰች በኋላ በሕክምናም ቢሆን የሚተርፉት ጥቂቶች ናቸው። ይበልጥ የሚጠቁትም እንደ እርስዎ አህያ ያሉ ወፍራም አህዮች፣ ያረገዙና የሚያጠቡ እናቶች፣ እንዲሁም ያረጁት ናቸው።

በሽታውን የሚቀሰቅሰው የባለቤቱ ውሳኔ ብቻ አይደለም። ጥርሷን የታመመች፣ ረጅም መንገድ የተጓጓዘች ወይም ባልንጀራዋ የሞተባት አህያ በራሷ ጊዜ ምግብ ታቆማለች። አህያ ሕመሟን የምትደብቅ እንስሳ በመሆኗ ደግሞ ማቆሟ ቶሎ አይታወቅም። አንድ ጊዜ የጋጣው ጠባቂ «ትበላለች እንጂ» እያለ ያሳየኝ አህያ ነበረች፤ አፏን ከግርግሙ አስገብታ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ ገለባውን ታነሣለች፣ ትጥላለች። ጠጋ ብዬ ብመለከት ጉሮሮዋ አንዴም አይውጥም ነበር፤ ከግርግሙም ምንም አልጎደለም። ስለዚህ አህያ በላች የሚባለው ከግርግሙ ሲጎድልና ፋንድያዋ እንደ ወትሮው ሲወጣ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ምግብ የተወች አህያ «ነገ ትበላለች» ተብላ የምትታለፍ ሳትሆን በዚያው ዕለት ሐኪም የሚያያት ናት።

ታዲያ እንዴት ትክሳ? አህያ የዘር ሐረጓ የሚመዘዘው ከሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ደረቅ ምድር የዱር አህዮች ነው፤ ጥቂትና ሻካራ የሆነውን ሣር አሟጣ እንድትጠቀም ሆና የተፈጠረች ናት። ክብደታቸው እኩል ከሆነ ፈረስ ጋር ስትነጻጸር የሚያስፈልጋት የምግብ ኃይል ከግማሹ እስከ ሦስት አራተኛው ቢሆን ነው፤ የምትበላው ደረቅ መኖም በቀን የሰውነቷን ክብደት ከ1.3 እስከ 1.8 በመቶ ነው። 160 ኪሎ ግራም ለምትመዝን አህያ ይህ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ጥርሷ ደህና ከሆነ የቀለቧ መሠረት ንጹሕ የገብስ ወይም የአጃ ገለባ ይሁን፤ ገለባ ሆዷን ይሞላል፣ ቀኑን ሙሉ ታኝከዋለች፣ አያወፍራትም። ከፈረሱ ግርግም ይለዩአት፤ እህሉን ያስቀሩ፤ ድርቆሹን በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ በገለባ ይተኩ፤ ግጦሽም ካላት ሰዓቱን ይገድቡ። ይሁን እንጂ ጓደኛሞች ከሆኑ እንዳይተያዩ አድርገው አይነጥሏቸው፤ በመካከላቸው ዝቅ ያለ አጥር በቂ ነው። ክሳቱ በወራት የሚለካ ይሆናል። ማጅራቷ ላይ የጠጠረው ስብ ከከሳችም በኋላ ጨርሶ ላይጠፋ ይችላልና፣ ለውጡን ከማጅራቷ ይልቅ ከደረቷ ዙሪያ ልኬት ይከታተሉ።

ጥያቄ፦ ከሥራ ላብ በላብ ሆኖ የተመለሰ ፈረስ ውኃ ከጠጣ ይሞታል ሲባል ሰምቼ፣ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሁለት ሰዓት ያህል አስጠማዋለሁ። አህያዬም እንዲሁ ትጠብቃለች፤ እርሷ ግን ስትጠማም ምንም አትል። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ይህ እምነት በብዙ አገር አለ፤ እንስሳቱን ግን እየጎዳ ነው። ላብ ያጠመቀው ፈረስ ውኃ ሊጠጣ ይገባዋል። የሚያሰጋዎት ከሆነ ጥቂት አጠጥተው፣ ጥቂት ደቂቃ እያራመዱ ደግመው ያጠጡት፤ ጥማቱን እስኪቆርጥ ድረስ እንዲህ ይቀጥሉ። እስኪቀዘቅዝ ድረስ መቆየት ያለበት እህሉ ነው።

ሥራ ፈትቶ የሚውል የ500 ኪሎ ግራም ፈረስ በቀን ከ25 እስከ 50 ሊትር ውኃ ይጠጣል፤ በሙቀት የሚሠራ ከሆነ መጠኑ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ውኃ ያነሰው ፈረስ ደረቅ ገለባ ሲበላ የተበላው በትልቁ አንጀት መታጠፊያ ላይ ይደርቅና ይዘጋል፤ የድርቀት ቁርጠት የሚመጣው እንዲህ ነው።

አህያዋ ምንም አለማለቷ አለመጠማቷን አያሳይም። አህያ ከሰውነቷ ክብደት አምስተኛውን የሚያህል ውኃ አጥታ እንኳ መብላቷን አታቋርጥም፤ ውኃ ስታገኝ የጎደለውን በደቂቃዎች ውስጥ ትተካለች። ይህ ድንቅ ተሰጥኦዋ በባለቤቶች ዘንድ «አህያ ውኃ አትወድም» የሚል ስም አተረፈላት፤ በዚህም ምክንያት ስንቶቹ ተጠምተው ይውላሉ። በሙቀት ጭነት የምትሠራ አህያ በቀን ከ10 እስከ 25 ሊትር ሊያስፈልጋት ይችላል። የቆሸሸ ወይም የሸተተ ውኃ ስታይ ደግሞ ትጠማለች እንጂ አትጠጣም፤ ገንዳውን በየቀኑ ደፍቶ ማጠብ ከመኖ አያንስም። በሥራ ቀን ቢያንስ ሦስትና አራት ጊዜ ውኃ ያቅርቡላት።

ከውኃው ጋር ጨውን አይርሱ። የፈረስ ላብ ከደሙ ይልቅ ጨዋማ በመሆኑ፣ ላቡ የደረቀበት ቆዳ ላይ ነጭ ሽበት መስሎ የሚታየው ራሱ ጨው ነው። ሥራ ለሌለው ፈረስ በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም ጨው ይበቃል፤ ለሚያልበው ግን ከዚህ በላይ ያስፈልጋል። የጋማ ከብት ምላስ እንደ ላም ምላስ ሻካራ ስላልሆነ፣ ድንጋይ የሆነ ጨው እየላሱ የሚፈልጉትን ያህል ላያገኙ ይችላሉ፤ የተፈጨ ጨው በዕቃ ማስቀመጡ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ፈረሴን ለሁለት ዓመት ያህል በዋናነት የስንዴ ፉርሽካ እያበላሁ አሳደግሁት። አሁን የፊቱ አጥንት ግራና ቀኝ አብጦ አፍንጫው የሰፋ ይመስላል፤ አልፎ አልፎም ያነክሳል። ከመኖው ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ ይገናኛል ብዬ አምናለሁ፤ ሐኪም ዘንድ ቀርቦም ይረጋገጥ። ፉርሽካ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከካልሲየሙ አሥር እጥፍ ገደማ ነው። የፈረስ ቀለብ ግን የሚጠይቀው ተቃራኒውን ነው፤ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ከእኩል በታች ግን በምንም ምክንያት መውረድ የለበትም። ፎስፈረሱ ሲበዛ ሰውነት በደም ውስጥ ያለውን ሚዛን ለመጠበቅ ካልሲየም ከአጥንት እየቆፈረ ያወጣል፤ የሳሳውን አጥንት ቦታ ለስላሳ ጅማት መሰል ሥጋ ይይዘዋል፣ ይህም በመንጋጋና በፊት አጥንት ላይ እብጠት ሆኖ ይታያል። በቀድሞ ዘመን በወፍጮ ቤት ይሠሩ የነበሩ ፈረሶች ከወፍጮው የተረፈውን ፉርሽካ ብቻ ስለሚበሉ በሽታው በእነርሱ ስም ይጠራ ነበር።

ፉርሽካውን በአንድ ቀን ሳይሆን በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ጥቂት እፍኝ ያውርዱ፤ በምትኩ ጥሩ ድርቆሽ ይስጡ፣ ካልሲየም በብዛት ያለውን አልፋልፋ ይጨምሩበት። ሐኪሙ ደግሞ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ካልሲየም በመጠን ያዝልዎታል። በጊዜ ከተደረሰበት ማነከሱ ይሻለዋል፣ አጥንቱም ይጠነክራል፤ የፊቱ እብጠት ግን ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ዶሮ አረባለሁ። የተረፈኝን የዶሮ መኖ ለአህያዬ ብሰጣት ምን ችግር አለው?

መልስ፦ አይስጡ። በብዙ የዶሮና የከብት መኖ ውስጥ ሞኔንሲን ወይም የእርሱ ዘመድ የሆነ መድኃኒት ይጨመራል። ለዶሮ ከኮክሲዲያ በሽታ የሚከላከል መልካም መድኃኒት ሲሆን፣ ለጋማ ከብት ግን የልብ ጡንቻ የሚያፈርስ መርዝ ነው። ከፈረሶች ግማሹን የሚገድለው መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ዶሮ ግን ወደ 200 ሚሊ ግራም ትችላለች። ማርከሻ የለውም። የዶሮው ጆንያ በተቀዳበት ጣሳ እንኳ የአህያዋን ቀለብ አይቅዱ፤ አህያዋ ልትደርስበት ከምትችልበት ቦታም ያርቁት።

ጥያቄ፦ ከ20 ዓመት በላይ የሆነው ፈረሴ ድርቆሽ ያኝክና ዶቃ በሚመስል እርጥብ ጥቅል መልሶ ይተፋዋል። እየከሳም ነው። እህል ብጨምርለት ይወፍራል?

መልስ፦ እህል ከመጨመርዎ በፊት አፉ ይታይ። የፈረስ መንጋጋ ጥርስ በየዓመቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከድዱ ይወጣል፤ በሚያኝክበትም መጠን እየተፋቀ ያልቃል። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ስለሚሰፋ፣ በላይኛው ጥርስ ውጭ በኩልና በታችኛው ውስጥ በኩል እንደ ምላጭ የሰላ ጠርዝ ይተርፋል፤ ጉንጩንና ምላሱንም ይቆርጠዋል። ፈረሱ ያሉትን እርጥብ ጥቅል የሚተፋው ማኘክ ስላመመው ወይም ጥርሱ ስላለቀ ነው። ፋንድያውን በእጅዎ ፈርፍረው ይመልከቱ፤ ረጃጅም የሣር ዘንግ ሳይፈጭ ከወጣ ያው ነው።

ሐኪሙ ጠርዙን በሞረድ ያስተካክለዋል፤ ከዚያ በኋላ በየስድስት ወሩ ይታይ። ጥርሱ ያለቀ ከሆነ ድርቆሹን በደቃቁ ቆርጠው በውኃ ያርሱለት፣ በቀን አራትና አምስት ጊዜ ከፋፍለው ያቅርቡለት። በደረቅ የሚሰጥ መኖ በጉሮሮው ሊወተፍ ይችላል፤ ይህ ሲሆን ምራቅና የታኘከ መኖ በአፍንጫው ይወጣል። ያን ጊዜ ምንም ሳያበሉና ሳያጠጡ፣ አንገቱን ዝቅ እንዳደረገ ሐኪም ይጥሩ።

ጥያቄ፦ በመንገድ ተጥላ ያገኘኋት አጥንቷ የቀረ አህያ አለች። ብዙ ብዙ ላብላትና ቶሎ ታገግም?

መልስ፦ እጅዎን ስለዘረጉላት አመሰግንዎታለሁ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን እንስሳ በመጀመሪያው ሳምንት የሚገድለው ብዙ ጊዜ ምግቡ ነው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ስቡንና ጡንቻውን እየበላ ይቆያል። በድንገት እህል ሲገባለት ኢንሱሊን ይጨምራል፤ በደም ውስጥ የቀረው ጥቂት ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ሁሉ ወደ ሴሎች ይሳባል፣ ልብና መተንፈሻም ይደክማሉ። ሞት ብዙ ጊዜ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ይመጣል፤ ባለቤቱም «እየተሻላት ነበር» ይላል።

እህል ለሁለት ሳምንት ያህል አያሳዩአት። ፕሮቲኑ ብዙ፣ ስታርቹ ጥቂት የሆነ አልፋልፋ ወይም ቅጠሉ የበዛ ድርቆሽ፣ ለትልቅ ፈረስ በየአራት ሰዓቱ ግማሽ ኪሎ ግራም ይሰጣል፤ ለአህያ ከክብደቷ ጋር ተመጣጥኖ ሲሶው ያህል ይሆናል። ይህ ሌሊትንም ይጨምራል። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ መጠኑ ቀስ በቀስ ይጨምር፣ የጊዜው ብዛት ይቀነስ፤ ከአሥር ቀን በኋላ ድርቆሹን እንደፈለገች ትብላ። ውኃና ጨው ሁልጊዜ አይለያት። የትል መድኃኒት ቢያስፈልጋትም መቼ እንደሚሰጥ ሐኪሙ ይወስን፤ ደካማ ሰውነት ላይ በአንድ ጊዜ ብዙ ትል መሞቱ ራሱ አንጀቷን ይጎዳዋልና። ወደ ቀድሞ ገላዋ ለመመለስ ከሦስት እስከ አምስት ወር ይፈጅባታል።

ጥያቄ፦ ባዝራዬ አርግዛለች። ከመጀመሪያው ጀምሬ ቀለቧን እጥፍ ላድርግ? ስትወልድስ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ከመጀመሪያው አያስፈልግም። የባዝራ እርግዝና 11 ወር ያህል፣ የአህያ ደግሞ 12 ወር ገደማ ሲሆን አንዳንዴም ወደ 14 ይደርሳል፤ ፅንሱ በአብዛኛው የሚያድገው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። በዚያ ጊዜ ሆዷ በፅንሱ ስለሚጣበብ ብዙ ገለባ ልትበላ አትችልም። ስለዚህ የድርቆሹን ብዛት ከመጨመር ይልቅ ጥራቱን ያሻሽሉ፤ ቅጠላማ ድርቆሽና አልፋልፋ ይስጡ። ትልቁ ፍላጎት የሚመጣው ከወለደች በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት በቀን የሰውነቷን ክብደት 3 በመቶ የሚያህል ወተት፣ 500 ኪሎ ግራም ብትሆን 15 ሊትር ገደማ፣ ትሰጣለች፤ የሚያስፈልጋት የምግብ ኃይልም ከወትሮው እጥፍ ይጠጋል።

ውርንጭላው በማኅፀን ሳለ ከእናቱ የበሽታ መከላከያ አያገኝም፤ የሚያገኘው ከእንገሩ ብቻ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ መቆም፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ መጥባት አለበት። አንጀቱ እንገሩን በሚገባ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ሲሆን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል። የምትወልደው በቅሎ ከሆነ ግን አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ፤ አንዳንድ ባዝራ፣ በተለይም ከዚህ ቀደም በቅሎ የወለደች፣ በእንገሯ ውስጥ የበቅሎውን ደም የሚያጠፋ መከላከያ ሊኖራት ይችላል። ውርንጭላው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የእናቱን ፋንድያ ሲበላ ቢያዩት አይቆጡት፤ ሣር የሚያብላሉትን ተህዋስያን ወደ አንጀቱ የሚያስገባው በዚህ መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ መልሶችዎ ሁሉ «ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም» ይላሉ። ሚዛን የሌለን ሰዎች የእንስሳችንን ክብደት እንዴት እንወቅ?

መልስ፦ ተገቢ ጥያቄ ነው። ለፈረስ አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። የደረቱን ዙሪያ፣ ከፊት እግሮቹ ጀርባና ከጫንቃው ጉብታ ኋላ አዙረው፣ ትንፋሹን ሲያወጣ በሳንቲ ሜትር ይለኩ። ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ ታፋው ጫፍ ርዝመቱን ይለኩ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዝተው፣ ውጤቱን በርዝመቱ ያባዙና ለ11,880 ያካፍሉ። ለምሳሌ ደረቱ 150፣ ርዝመቱ 130 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ክብደቱ 246 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ይህ ስሌት ለአህያ አይሠራም፤ የአህያ የሰውነት ቅርጽ የተለየ ስለሆነ ለእርሷ ተለይቶ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ ከእንስሳት ሐኪም ይጠይቁ።

ከቁጥሩ በተጨማሪ እጅዎን ይጠቀሙ። በ1983 ዶን ሄነኬ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ፈረስን ከ1 እስከ 9 በሚሆን ነጥብ የሚመዝን መለኪያ አዘጋጅቶ ነበር፤ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። አጥንቱ ሁሉ የተቆጠረው 1፣ ጀርባው በስብ የተሰነጠቀው 9 ሲሆን፣ መካከለኛው 5 ነው። 5 ላይ ያለ ፈረስ ጎድኑ በዓይን አይታይም፤ በእጅ ሲዳሰስ ግን ያለ ችግር ይቆጠራል። አህያ ከ1 እስከ 5 በሚሆን የራሷ ነጥብ ትመዘናለች፤ 3 ጥሩ ነው። ጠጕሯ ወፍራም ስለሆነ በዓይን ብቻ አይፍረዱ፤ በተለይ በብርድ ወራት ከጠጕሩ ሥር አጥንት የቀረ አህያ «ደህና ናት» ተብላ ትታለፋለችና። በየአሥራ አምስት ቀኑ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሜትር ለክተው ይጻፉ። የደረቷ ዙሪያ በሁለት ተከታታይ ልኬት ከቀነሰ መጀመሪያ ጥርሷን፣ ቀጥሎ ፋንድያዋን ለትል ምርመራ፣ ከዚያም ግርግሟን ይመልከቱ።